የጳጉሜ ጡረታ

(ጳጉሜ አራት ቀን፣ ረፋድ ላይ፣ በአንዲት ትንሽ ከተማ የጡረታ ቢሮ፤ ከመስኮቱ ወዲያ የክፍያ ሠራተኛው ምትኩ፣ ወዲህ ሠላሳ አንድ ዓመት የሆስፒታል አንሶላ አጥበው ጡረታ የወጡት እትዬ ዘርፌ፣ አውራ ዶሮ ታቅፈው።)

ምትኩ፦ እትዬ ዘርፌ፣ ዶሮውን ከመስኮቱ ያንሱልኝ! ማኅተሜን እየነቆረ ነው!

እትዬ ዘርፌ፦ አላነሳም። «ትርፍ የተከፈለሽን መልሺ» ብለህ ጽፈህልኝ የለም? ይኸው፣ ገንዘቡ ይሄ ነው። ተረከበኝ።

ምትኩ፦ መንግሥት ዶሮ አይረከብም!

እትዬ ዘርፌ፦ ለምን? ዓውደ ዓመት የለውም?

ምትኩ፦ ደረሰኙ ላይ ምን ብዬ ልጻፍ? «አንድ ቀይ አውራ ዶሮ» ልበል?

እትዬ ዘርፌ፦ ኧረ ገብስማ ነው። ሰነድ ላይ እንኳ ተጠንቀቅ እንጂ ልጄ።

ምትኩ፦ በትዕግሥት ይስሙኝ። አዲሱ ኮምፒዩተር ጳጉሜን እንደ ሙሉ ወር ቆጠራት። የነሐሴን ከከፈለዎ በኋላ «የጳጉሜ» ብሎ ሌላ ሙሉ ጡረታ ላከልዎ። ያ ትርፍ ነው። ስለዚህ የመስከረም ጡረታዎ ይቀራል።

እትዬ ዘርፌ፦ የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ! የተሳሳተው እሱ ከሆነ የእሱን ደሞዝ ቁረጥበታ!

ምትኩ፦ ኮምፒዩተር ደሞዝ የለውም።

እትዬ ዘርፌ፦ በነጻ የሚሠራማ ባይሳሳት ነበር የሚገርመኝ።

ምትኩ፦ ብሩ ሲገባልዎ ትንሽ እንኳ አልጠረጠሩም?

እትዬ ዘርፌ፦ ምኑን እጠረጥራለሁ? መንግሥት ዛሬስ ትዝ አልኩት ብዬ አለቀስኩ እንጂ! ለሠፈሩ ሁሉ አወራሁ። የባለሱቁን ዱቤ ዘጋሁ፣ ዘይት ገዛሁ፣ በተረፈችው ይሄን ጉልቤ አመጣሁ። አሁን መስከረምን ምን በልቼ ልክረም? አደይ አበባ ልጋጥ?

ምትኩ፦ እንግዲያው ላግዝዎት። በሁለት ጊዜ እናድርገው። ግማሹን መስከረም፣ ግማሹን ጥቅምት።

እትዬ ዘርፌ፦ ቀስ ተብሎ የታረደ አይሞትም ያለህ ማነው? እስቲ ዶሮውን ጠይቀው።

ምትኩ፦ እኔ ምን ላድርግ፣ እትዬ? መመሪያው ነው። ጳጉሜ ክፍያ የላትም። ወር አይደለችማ!

እትዬ ዘርፌ፦ ወር አይደለችም?

ምትኩ፦ አይደለችም።

እትዬ ዘርፌ፦ አሁን ታዲያ የት ነው ያለነው?

ምትኩ፦ ጳጉሜ ውስጥ።

እትዬ ዘርፌ፦ በሌለች ወር ገብተን ነዋ የምንጨቃጨቀው!

ምትኩ፦ አለች፣ አለች! ለክፍያ ነው የሌለችው።

እትዬ ዘርፌ፦ ለሥራስ?

ምትኩ፦ ለሥራ... እንግዲህ ለሥራ አለች።

እትዬ ዘርፌ፦ ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ። እኔ ሠላሳ አንድ ጳጉሜ ሠርቻለሁ። ሰው ሁሉ በጳጉሜ ዝናብ ሲጠመቅ እኔ የበሽተኛ አንሶላ ስጠመዝዝ ነበርኩ። በሽተኛው «ጳጉሜ ነው» ብሎ መታመሙን የሚተው መሰለህ? አንዲት ቀን «ይቺ የጳጉሜ ናት» ብሎ የሰጠኝ የለም። በል፣ ያቺን መደመሪያህን አውጣት።

ምትኩ፦ ደግሞ ለምን?

እትዬ ዘርፌ፦ አምስት ቀን፣ ሠላሳ አንድ ጊዜ።

ምትኩ፦ መቶ ሃምሳ አምስት።

እትዬ ዘርፌ፦ በየአራት ዓመቱ ስድስተኛ ቀን አለች። ሰባት ጊዜ ደርሳብኛለች፤ ጨምርልኝ።

ምትኩ፦ መቶ ስድሳ ሁለት።

እትዬ ዘርፌ፦ ለሠላሳ አካፍላት።

ምትኩ፦ አምስት ወር... ከአሥራ ሁለት ቀን።

እትዬ ዘርፌ፦ አንተ ለአንድ ወር ደብዳቤ ከጻፍክብኝ፣ እኔ ለአምስት ወር ምን ልጻፍ? መጽሐፍ?

ምትኩ፦ እትዬ፣ እርስዎ ብቻ አይደሉም እኮ! ጳጉሜን ሁሉም በነጻ ነው የሚሠራው። አስተማሪውም፣ ዘበኛውም፣ ዳኛውም!

እትዬ ዘርፌ፦ አንተስ ዛሬ ስንት ሰዓት ገባህ?

ምትኩ፦ ሁለት ሰዓት ተኩል።

እትዬ ዘርፌ፦ ማን ሊከፍልህ?

ምትኩ፦ ማንም።

እትዬ ዘርፌ፦ እዚህ መስኮት ላይ ስንት ዓመትህ ነው?

ምትኩ፦ ሃያ ሁለት።

እትዬ ዘርፌ፦ አይዞህ። ግን መደመሪያውን ምን ትነካካለህ?

ምትኩ፦ ምንም። ዝም ብዬ ነው... መቶ አሥር... አምስት ሲደመር... ሦስት ወር ከሃያ አምስት ቀን! እትዬ፣ የቤቴን ቆርቆሮ ይለውጥልኝ ነበር!

እትዬ ዘርፌ፦ ወይ ልጄን! እጅህን ከራስህ ላይ አውርድ። ዶሮውን ልስጥህ?

ምትኩ፦ ቆይ፣ ቆይ። ባለጡረታው በጽሑፍ ከተቃወመ፣ ነገሩ እስኪወሰን ድረስ ከጡረታው አይቆረጥም። መመሪያው ላይ አለ።

እትዬ ዘርፌ፦ መስከረምን እቀበላለሁ ማለት ነው?

ምትኩ፦ ማመልከቻው ዛሬ ከገባ፣ ሙሉውን።

እትዬ ዘርፌ፦ ይሄን ቀድሞ መናገር ምን ነበረበት! ጽሕፈቴ ግን ይሄ ዶሮ የጫረው ነው የሚመስለው።

ምትኩ፦ እኔ እጽፍልዎታለሁ። ወንበሩን ሳብ ያድርጉ።

እትዬ ዘርፌ፦ ተባረክ። ምን ብለህ ነው የምትጀምረው? «እኔ አመልካች፣ ወይዘሮ ዘርፌ...»

ምትኩ፦ የለም፣ እትዬ። «እኛ፣ ስማችን ከዚህ በታች የተዘረዘረው አመልካቾች...»