ሐኪም ፈታኙ ልብስ ሰፊ

ልብስ ሰፊው የሆስፒታሉ አግዳሚ ወንበር ላይ መርጋት አቅቷቸዋል። ይቀመጣሉ፣ ይነሣሉ፣ እስከ ደረጃው ይሄዱና ይመለሳሉ፣ ባለቤታቸው የገቡበትን በር አየት አድርገው እንደገና ቁጭ ይላሉ። የጽዳት ሠራተኛዋ የወለወለችውን ወለል መላልሰው ስለረገጡባት “አባቴ፣ ምናለ አንድ ቦታ ቢያርፉ?” ብትላቸው “እኔማ አርፌ ነበር፤ እግሬ ነው እምቢ ያለኝ” አሏት። እውነታቸውን ነው። ዕድሜ ልኩን የስፌት መኪና ሲረግጥ የኖረ እግር በጭንቅ ቀን ዝም በል ቢሉት አይሰማም። ጭንቁስ ቀላል ነው? ባለቤታቸው ጠዋት ከአልጋ ሲነሡ ደም አስመልሰዋል። ልብስ ሰፊውም ለሐኪም ያልተናገሩት ነገር ሆዳቸው ውስጥ አለ።

ከክፍሉ በጥድፊያ የወጣች ወጣት ሐኪም ልትጋጫቸው ምንም አልቀራት።

“ውይ፣ ጋሼ! እርስዎ ነዎት እንዴ? ምን እግር ጣለዎት?”

ልብስ ሰፊው ዓይናቸውን አጥብበው አዩዋት። የድሮ ጎረቤታቸው የአናጢው ልጅ ናት። ትንሽ ሳለች የትምህርት ቤት ልብሷን ሲለኳት አልቆም እያለች ታስመርራቸው ነበር።

“አንቺ ቀዥቃዣ! ለዚህ በቃሽ? እሰይ፣ እሰይ። ሚስቴን እዚያ አስገብተዋት ነው። ደም አስመለሳት። እባክሽ ልጄ፣ ግቢና እያት።”

የሐኪሟ ፊት አመድ መሰለ። “ደም ያስመለሳቸው እናት… እትዬ ናቸው? አሁን እኮ ያየኋቸው እኔ ነኝ።”

“አየኋት ነው ያልሽኝ? ከቤቷ የማትወጪ ልጅ! አጉርሳሽ ካልሄድሽ እንቅልፍ የማይወስዳት ሴትዮ! እንዴት አላወቅሻትም? ምን ስታዪ ነበር?”

“መዝገቡን” አለች ሐኪሟ በቀስታ።

“ይኸው! እኔስ የምለው ይህንኑ አይደል?” ልብስ ሰፊው ጭንቀታቸውን የሚያራግፉበት ሰው አገኙ። “ድሮ ሐኪም እጅ ይዞ፣ ዓይን ገልጦ፣ ምላስሽን አውጪ ብሎ ነበር የሚያየው። እናንተ ግን ቴሌቪዥን እያያችሁ ነው ሰው የምታክሙት። ባለፈው ጉልበቷን አሟት ሳመጣት፣ ያ ሐኪም ቀና ብሎ ያየን ደህና ዋሉ ሲለን ነው።”

እዚህ ላይ ሽማግሌው እውነት አላቸው። ችግሩ፣ እውነት የያዘ ሰው አንዳንዴ ከእውነቱ ጀርባ ሌላ ነገር ይሸሽጋል።

“ይገስጹኝ ጋሼ፣ ይገባኛል” አለች ሐኪሟ። “ግን ጥፋቱ የእኔ ነው እንጂ የኮምፒውተሩ አይደለም። የወረቀቱን ካርድ ረሱት እንዴ? ግማሹ ይጠፋል፣ ግማሹን አይጥ ይበላዋል፣ የተረፈውን የጻፈው ሐኪም ራሱ አያነበውም። በሽተኛ እያቃሰተ ካርድ ይፈለጋል። ዛሬ ግን እትዬ እንደ ገቡ ጉልበታቸውን መታመማቸውን፣ የታዘዘላቸውን ማስታገሻ፣ ሁሉንም ባንዴ አየሁ። ያ ማስታገሻ ጨጓራ ይነካል። ጨጓራቸው መቁሰሉን የጠረጠርኩትም በዚያ ነው።”

“መብራት ቢጠፋስ?”

“ባትሪ አለው። እሱም ቢያልቅ በወረቀት ይዘን ኋላ እናስገባለን።”

“የሰው ገመናስ? አንዱ ወሬኛ ከፍቶ ቢያነበው?”

“ማን እንደ ከፈተው ይመዘገባል፣ ይጠየቅበታልም። ሌላ ክሊኒክ ያለውን ደግሞ ታካሚው ካልፈቀደ አንከፍተውም። ለዚህ ነው ሌላ ቦታ ታክመው ያውቃሉ ወይ ተብሎ የሚጠየቀው።”

ልብስ ሰፊው ብድግ ብለው ወደ ደረጃው ሄዱ። ግማሽ መንገድ ሳይደርሱ ተመለሱ።

“ለምን ይጠየቃል?” አሉ፣ ያልተቆጣቸውን ሰው እየተቆጡ። “ሐኪም ከሆነ ራሱ ያግኘው! የአንዱን ቃል ለሌላው ከነገርሽው ያንኑ ይደግምልሻል። ዝም ስትይው ነው እውቀቱ የሚለየው። እኔ ሐኪም የምመርጠው ፈትኜ ነው!”

አንባቢ ሆይ፣ ይህ ፈሊጥ የእሳቸው ብቻ አይምሰልህ። ሐኪም ፊት ቀርቦ፣ አፉን ለጉሞ፣ “እስቲ ይወቀው” የሚል ስንቱ ነው! በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም እያለ ሌላውን ሲመክር የሚውለው ሰው፣ ተራው ሲደርስ ራሱ ይደብቃል።

ሐኪሟ አጠገባቸው ቆመች። “ጋሼ፣ ደንበኛ ሦስት ሹራብ በውስጥ ደርቦ መጥቶ ኮት ቢያስለካዎት፣ መደረቡንም ባይነግርዎት፣ ልኩን ያገኙታል?”

“ደርቦ ለምን ይመጣል? ጅል ነው?”

“ሊፈትንዎት።”

“ኮቱ ጆንያ ይሆንበታላ! የእጁን ያግኝ!”

“ኮትስ ተፈትቶ ይጠብባል። ሰው ግን እንደ ኮት ተፈትቶ እንደገና አይሰፋም።”

ሐኪሟ ይህን ያለችው ልታሳስቃቸው ነበር። እሳቸው ግን አልሳቁም፤ ላባቸውን በእጅጌያቸው ጠረጉ። በዚህ ጊዜ ነርሷ በሩን ከፍታ “ዶክተር፣ ዝግጁ ነን” አለች።

“በሉ ጋሼ፣ አይጨነቁ። በእትዬ አፍ ቀጭን ቱቦ አስገብተን ቁስሉን በካሜራ እናያለን፤ ከቁስሉም ቅንጣት ቆርጠን እንመረምራለን። የሚያስፈራኝ ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስዱ ቢሆን ነበር፤ የተቆረጠው አልዘጋ ይላል። ደግነቱ መዝገቡ ሌላ መድኃኒት የለም ይላል።”

“መዝገቡ እንዲያ ይላል?”

“አዎ። ሌላ መድኃኒት የለም፣ ሌላ ቦታ አልታከሙም።”

ልብስ ሰፊው የሰሙት የገዛ ራሳቸውን ቃል ነበር። ያቺን ውሸት ሲናገሯት በዚያው በና የቀረች መስሏቸው ነበር፤ ለካ ቁጭ ብላ ትጠብቅ ኖሯል። ይህችን የተማረች ልጅ አሳምናታለች። አሁን ደግሞ ሚስታቸውን ልታስቆርጥባቸው ነው። ሐኪሟ በሩን ይዛለች።

“ቆይ! ቆይ ልጄ! እንዳትቆርጫት!”

ኮሪደሩ ላይ ያለው ሰው ሁሉ ዞረ።

“ውሸት ነው። የለም ያልኩት እኔ ነኝ። እግሯ አብጦ፣ ደም ረግቷል ተብላ፣ ላይኛው ሰፈር ካለው ክሊኒክ ደም የሚያቀጥን መድኃኒት ትወስዳለች። ትናንትም ውጣለች። ለጉልበቷ እዚህ ስንመጣ ግን የለም አልኩ፤ ልፈትናችሁ። እሷ ልትናገር ስትል በክርኔ ጎሸም አደረግኋት…” እጅጌዋን ያዙ። “ገደልኳት? ንገሪኝ እንጂ፣ ገደልኳት?”

ሐኪሟ ለመመለስ ጊዜ አልነበራትም፤ ሮጣ ገባች። የቱቦው ምርመራ እንዲቆይ ሆነ። እትዬ ራሳቸውን ነቅንቀው ሲፈቅዱ የላይኛው ሰፈር ክሊኒክ መዝገብ ተከፈተ፤ የመድኃኒቱ ስም፣ መጠኑና የተጀመረበት ቀን ቁልጭ ብሎ ወጣ። ልብስ ሰፊውን ቢጠይቋቸው ኖሮ “ቀላ ያለችው ክኒን” ከማለት በቀር አያውቁም ነበር። ማርከሻው ተሰጠ፣ ደምም ተተካላቸው።

ሐኪሟ ተመልሳ እስክትወጣ ድረስ የጽዳት ሠራተኛዋ ወለሉን እንዲመላለሱበት ትታላቸው ነበር።

“ቆሟል” አለች። “ደሙ ቆሟል ጋሼ።”

ሽማግሌው ሰው አየኝ አላየኝ ሳይሉ አለቀሱ። አልቅሰው ሲጨርሱ እንደ ተማሪ ጠየቁ። “ያኔ እውነቱን ብናገር ምን ይሆን ነበር?”

“ያ ሐኪም ማስታገሻውን ሊያዝ ሲል ኮምፒውተሩ እነዚህ ሁለቱ አብረው አይሰጡም ብሎ ያስጠነቅቀው ነበር። ሌላ ያዝላቸዋል፣ እትዬም ዛሬ ቤታቸው ይውሉ ነበር።”

“ለካ እኔ ፈታኝ ነኝ ስል ተፈታኟ ሚስቴ ኖራለች።”

ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው ይባላል፤ ልብስ ሰፊውን ሐኪሟም መከራውም መከሯቸው። አንድ ታካሚ አንድ መዝገብ ሲኖረው መድኃኒት ከመድኃኒት አይጋጭም፣ የተደረገ ምርመራ ሁለተኛ አይደገምም፣ በሽተኛ ራሱን ቢስት እንኳ መዝገቡ ይናገርለታል። ነገር ግን ኮምፒውተር የነገሩትን እንጂ ያልነገሩትን አያውቅም፤ ውሸትንም እንደ እውነት አክብሮ ያስቀምጣል። ስለዚህ ታካሚ አይደብቅ። ሐኪምም መዝገብ አነበብኩ ብሎ ሰውን ማየት አይተው።

ልብስ ሰፊውና ሐኪሟ ተያይዘው ገቡ። እትዬ ገርጥተው፣ ግን ዓይናቸው ተገልጦ ተኝተዋል። ሐኪሟ ጎንበስ ብላ ጉንጫቸውን ሳመች፤ ወንበር ስባ ፊት ለፊታቸው ተቀመጠች፤ ኮምፒውተሩንም እሳቸው በሚያዩበት በኩል አዞረችው።

“ይቅር ይበሉኝ እትዬ። በሉ መዝገቡን እናስተካክል። ሌላ የሚያምዎት፣ ሌላ የሚወስዱት ነገር አለ?”

“የለ…” ብለው ልብስ ሰፊው ጀመሩ።

ሚስታቸው ቀና ብለው አዩዋቸው። ልብስ ሰፊው አፋቸውን ዘጉ።

“አለ እንጂ” አሉ እትዬ። “ብዙ አለ። ጻፊ ልጄ፤ እስከ ዛሬ እኔን የጠየቀኝ የለም።”