የታሰረው ሪሌ

በ1982 ዓ.ም. ጥር ወር፣ አቶ በለጠ ከሮቤ ወደ ጎባ በሚሄደው አውቶብስ ላይ ቦታ ፈልገው ሲቀመጡ አጠገባቸው ጁሀራን አገኟት። ጁሀራ ቴክኒክ ትምህርት ቤት የተማረች የጎባ ልጅ ስትሆን፣ የሮቤ ዱቄት ፋብሪካን የተቃጠለ ሞተር እንድትመረምር ተልካ ከመጣች ሦስት ቀኗ ነው። አቶ በለጠ ደግሞ የዚያው ባለ ሦስት ሺህ ቮልት ሞተር አስነሺ ናቸው። ባያገኟት በወደዱ ነበር።

«እንደምን አደሩ አባባ? ወዴት ነው?»

«ሆስፒታል። ሙለታን ልጠይቅ።»

ሙለታ ለዓመታት አብሯቸው የሠራ፣ አርባ ዓመት ያልሞላው ባልደረባቸው ነው። ሞተሩ በተቃጠለ ዕለት የኬብሉ ሳጥን ፈንድቶ ፊቱንና እጁን ለበለበው። ሪፖርቱ «የሙለታ ጥንቃቄ ጉድለት» ይላል። አቶ በለጠም ይህን አንብበው ዝም ብለዋል።

«ሞተሩ ድሮም ደካማ ነበር» አሉ፣ ሳትጠይቃቸው። «እህል ትንሽ ከከበደው ቷ ብሎ ይቆርጣል። የበፊቱ የናፍጣ ሞተር ግን ሲታነቅ ደጋግመን ቀስቅሰን እናስነሳው ነበር።»

«ናፍጣ እኮ ሲታነቅ ይጠፋል፤ ኤሌክትሪክ ግን ሲታነቅ አይጠፋም፣ አባባ። ሲነሳ በሥራ ላይ ከሚወስደው ኃይል ስድስት እጥፍ ይስባል። ከዞረለት ለጥቂት ሰከንድ ነው። ካልዞረ ያ ሁሉ ኃይል ሽቦው ውስጥ እሳት ይሆናል። ሳይበርድ እንደገና ማስነሳት ደግሞ በትኩሳት ላይ ትኩሳት መጨመር ነው።»

«እየቆመ ኮታው በምን ይሞላል ልጄ? ካድሬው ራሳችን ላይ ቆሞ!»

«ሪሌው፣ ሳጥኑ ውስጥ ያለው ጠባቂ፣ የሚቆርጠው ሥራ ሊያስፈታ አይደለም። ‹አንድ ነገር አንቆኛል፣ ፈልጉልኝ› ማለቱ ነው። ያን ዕለት ወፍጮው ውስጥ እርጥብ ስንዴ ተጠቅጥቆ ነበር። ግማሽ ሰዓት ቢጠርጉት ይበቃ ነበር።» ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ትናንት ሳጥኑን ከፈትኩት። ሪሌው እንዳይቆርጥ በሽቦ ታስሯል። ማን እንዳሰረው አላወቅሁም።»

ሰው የለመደውን ሁሉ ያወቀው ይመስለዋል፤ ስህተቱን ሲደርስበት ደግሞ ከእውቀቱ ይልቅ ክብሩ ያሳስበዋል። አቶ በለጠ እስከ ጎባ ድረስ የታጨደውን ማሳ በመስኮት እያዩ ሄዱ።

ጁሀራ አብራቸው ሆስፒታል ገባች። ሙለታ ዓይኖቹ በፋሻ ተሸፍነው ተኝቷል።

«ጋሽ በለጠ ነዎት?» አለ፣ ሳላቸውን ሰምቶ። «‹ጥፋቱ ያንተ ነው› አሉኝ። ምን እንዳጠፋሁ ግን ማስታወስ አቃተኝ። እርስዎ አጠገቤ ነበሩ፤ እስቲ ይንገሩኝ።»

አቶ በለጠ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጡ።

«ምንም አላጠፋህም። ሁለቴ ሲቆርጥብኝ ሪሌውን ያሰርኩት እኔ ነኝ። ለሦስተኛ ጊዜ ያስነሳሁትም እኔ።»

ሙለታ ፊቱን ወደ ድምፃቸው አዞረ።

«ምነው» አለ፣ «ዘወር በል እንኳ ቢሉኝ ኖሮ።»

በሳምንቱ አቶ በለጠ በሠራተኛው ስብሰባ ፊት ቆመው ይህንኑ ተናገሩ፤ ሪፖርቱም ተስተካከለ። ከዚያ ወዲህ ወፍጮው ባዶውን ይነሳል፤ ጭነቱ የሚገባው ሞተሩ ከዞረ በኋላ ነው። ሪሌው ከቆረጠም ያነቀው ነገር ሳይገኝና ሞተሩ ሳይበርድ ማንም አይነካውም። በተቃጠለው ምትክ በተተከለው አዲስ ሞተር አንድም ሽቦ አልተቃጠለም፤ ኮታውም ከበፊቱ ቀድሞ ሞላ።

የሙለታ ዓይን ግን አንዱ ብቻ ነው የዳነው። አሁን በጆንያ ስፌት ክፍል ይሠራል። ጀማሪዎች «አንዴ ብቻ ደግመን እንሞክረው» ሲሉ አቶ በለጠ አይቆጡም።

«ሂዱና» ይሏቸዋል፣ «መጀመሪያ ሙለታን አስፈቅዱት።»