ቀፎ የተሰቀለበት ዛፍ

ከሚዛን ወደ ቴፒ በሚሄደው ሚኒባስ ውስጥ ከፊቴ ያለች አንዲት ወጣት አጠገቧ የተቀመጡትን ሽማግሌ ጠየቀች።

«አባባ፣ የወንዛችሁ ግድብ ነገር የት ደረሰ?»

«ቀያሾች መጡና ‹ውኃው እስከዚህ ይተኛል› ብለው ዛፋችንን በቀይ ቀለም ምልክት አደረጉበት።»

«ዝም አላችኋቸው?»

«ምልክት ባለበት ዛፍ ሁሉ ላይ ቀፎ ሰቀልንበት። በእኛ አገር ቀፎ ያለበትን ዛፍ ባለቤቱ ሳይፈቅድ ማንም አይነካም።»

«እነሱ ይህን በምን ያውቃሉ?»

«አያውቁም ነበር። ትናንት ሊለኩ ሲመለሱ ንቦቹ ነገሯቸው።»

ልጅቷ ከት ብላ ሳቀች።

«እንደገና ቢመጡስ?»

«ይምጡ! ማር እናበላቸዋለን፤ ጫካውን ግን ለግድብ አንለቅም።»

እኔም ኮፍያዬን ከትናንት ጀምሮ ወዳበጠው ዓይኔ ዝቅ አድርጌ ወደ መስኮቱ ዞርኩ።