«ይገልበጥ» ብዬ የጻፍኩት እኔ ነኝ

የምስክር ቃል

የምስክሯ ስም፦ በመዝገቡ ሰፍሯል፤ ለአካለ መጠን ያልደረሰች በመሆኗ እዚህ አልተጻፈም
ዕድሜ፦ 16
የትምህርት ደረጃ፦ 6ኛ ክፍል ያጠናቀቀች
ሥራ፦ በልብስ ስፌት ቤት ረዳት
አድራሻ፦ ከስፌት ቤቱ ጀርባ ባለው ግቢ፣ ከውሃ ቧንቧው አጠገብ ያለው ክፍል
ቃሉ የተሰጠበት ቀንና ሰዓት፦ ረቡዕ ኅዳር 12 ቀን 2016 ዓ.ም.፣ ከቀኑ 8 ሰዓት ከ20
አብራ የተገኘች፦ የምስክሯ እናት

ዛሬ ረቡዕ ኅዳር 12 ቀን ማንም ሳይጠራኝ በራሴ ፈቃድ ወደ ጣቢያው መጥቻለሁ። ጠዋትም ብቻዬን መጥቼ ነበር፤ በሩ ላይ ያለው ጠባቂ ምን ፈልጌ እንደመጣሁ ሲጠይቀኝ መናገር አቅቶኝ ተመለስኩ። አሁን ከእናቴ ጋር ነኝ። የመጣሁት ትናንት ስለተያዙት ልብስ ሰፊ ለመናገር ነው። እሳቸው በደንበኛው ኮት ላይ «ስህተቱን የሠራሁት እኔ ነኝ» ብለው ቃል እንደሰጡ ሰምቻለሁ። ስህተቱን የሠራሁት እኔ ሳልሆን አልቀርም። መርማሪዋ «ሳልሆን አልቀርም ነው ወይስ እኔ ነኝ?» ብለው ሲጠይቁኝ እናቴ «ተናገሪ እንጂ ልጄ፣ አፍሽን ማን ሰፋው?» አለችኝ። እኔ ነኝ ብያለሁ።

ልብስ ሰፊዋን እትዬ እላቸዋለሁ። የሰፈሩ ሰው ግን አይጣሌ ይላቸዋል፤ ማንም ሰው ጨርቅ ሊጥል ሲል «አይጣልም» ስለሚሉ ነው። ከእሳቸው ጋር መሥራት ከጀመርኩ ሁለት ዓመት ከአራት ወር ሆኖኛል። ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት ሰልባጅ ተራ ቦንዳ ሲፈታ አብሬያቸው እሄዳለሁ። ሌላው ገዢ የልብሱን ፊት አይቶ ይሻማል። እትዬ ግን ግፊያው እስኪያልፍ ዳር ቆመው ይጠብቁና ሰው ረግጦት የሄደውን ያነሣሉ። መጀመሪያ ወደ ውስጥ ይገለብጡታል፤ በስፌቱ ውስጥ የቀረውን ትርፍ ጨርቅ በጣታቸው ይለካሉ፤ ብርሃን ላይ ዘርግተው የሳሳውን ቦታ ይፈልጋሉ። ጉልበቱ ላይ የተቃጠለ የወንድ ሱሪ የሴት ልጅ ጉርድ ሲሆን አይቻለሁ። ብል የበላው ሹራብ ተተርትሮና ክሩ ታጥቦ የሕፃን ኮፍያ ሆኗል። የሆቴል መጋረጃ የነበረን ጨርቅ አሁን ሦስት ሴቶች ለብሰውት መንገድ ላይ ሲሄዱ አያለሁ፤ መጋረጃ እንደነበር የምናውቀው እኔና እትዬ ብቻ ነን። ይህን የምናገረው መርማሪዋ የሥራውን ሁኔታ እንድገልጽ ስለጠየቁኝ ነው። እሳቸውን ለማመስገን ነው ቢባልም ግን አላፍርም።

በስፌት ቤቱ እትዬ ከውስጥ በኩል የስፌት መኪናው ላይ ይቀመጣሉ፤ ደንበኛ የምቀበለው እኔ ነኝ። ደንበኛው የሚፈልገውን በአንድ ቃል ካርቶን ቁራጭ ላይ ጽፌ በክር ልብሱ ላይ አስራለሁ፤ ይጥበብ፣ ይርዘም፣ ይጠገን እያልኩ። እትዬ ያንን አይተው ይሠራሉ እንጂ መልሰው አይጠይቁኝም። «አንቺ የጻፍሽውን ዓይኔን ጨፍኜ ነው የምሠራው» ይሉኛል።

ይገልበጥ የሚለው ቃል በእኛ ቤት ራሱን የቻለ ሥራ ነው። ፊቱ ያለቀ የሱፍ ኮት ስፌቱ በሙሉ ይፈታና፣ ያረጀው ፊት ወደ ውስጥ፣ ፀሐይ ያላየው ጀርባ ወደ ውጭ ዞሮ እንደገና ይሰፋል። የደረት ኪሱ ከግራ ወደ ቀኝ ይዞራል፤ የቁልፍ ቀዳዳዎቹ ተደፍነው በሌላው በኩል አዲስ ይከፈታሉ። እትዬ የደፈኑትን ቀዳዳ እኔ ራሴ ፈልጌ ያጣሁበት ጊዜ አለ። ጎረቤታችን ጸጉር አስተካካዩ በበራችን ባለፈ ቁጥር «አይጣሌ፣ እኔንም ገልብጪኝ እንጂ፤ ውስጤ እኮ አዲስ ነው» ይላቸዋል። እትዬም «አንተን ገልብጬህ ነበር፣ ረስተኸው ነው። ደህናው ወገን ይሄ ነው» ይሉታል።

ሐሙስ ኅዳር 6 ቀን ከቀኑ 10 ሰዓት ገደማ፣ አሁን ከሳሽ የሆኑት ጡረተኛ የአውቶቡስ ሹፌር አንድ የሱፍ ኮት ይዘው መጡ። ኮቱ ግራጫ ነው። ክርኑና የኪሱ አፍ ከመታሸት ብዛት ያብረቀርቃል፤ በመስኮት በኩል የነበረው እጅጌ ደግሞ ከሌላው ይበልጥ ነጥቷል። «በሚቀጥለው ሳምንት እሑድ ልጄን እድራለሁ። ገልብጪና ተኩሺልኝ፤ ማክሰኞ እወስደዋለሁ» አሉኝ። አሁን እንደገባኝ፣ ሱፍ በፊቱ ሲተኮስ ስለሚያብረቀርቅ ወደ ውስጥ ገልብጬ በጀርባው በኩል ካውያ እንዳደርግበት ማለታቸው ነበር። እኔ ግን ይገልበጥ ብዬ ጻፍኩ። ይተኮስ የሚለውን አልጨመርኩም፤ የተገለበጠ ኮት ሳይተኮስ ከቤታችን ስለማይወጣ ነው።

ቀጥሎ ያለውን ለእናቴም አልነገርኳትም። ካርቶኑን ስጽፍ ተጠራጥሬ ነበር። ኮት መገልበጥ ከሳምንት በላይ ይፈጃል፤ እሳቸው ግን ማክሰኞ አሉ። ልጠይቃቸው አስቤ ነበር፤ ሰው ፊት መናገር ስለሚከብደኝ እስክጀምር ድረስ እሳቸው ወጥተው ሄዱ። ሮጬ ብጠራቸው እደርስባቸው ነበር። ያልጠራኋቸው ግን በዓይን አፋርነቴ ብቻ አይደለም። ኮቱን ስቀበል የእጅጌውን ጫፍ ገለጥ አድርጌ የጨርቁን ጀርባ አይቼዋለሁ። ጀርባው ጥቁር ሰማያዊ ነው፤ ፊቱን ግራጫ ያደረገው የዘመን ፀሐይ ነው። ያንን ሰማያዊ ወደ ውጭ ወጥቶ ማየት ፈለግሁ። ስለዚህ ከሰማሁት ይልቅ የተመኘሁትን ጻፍኩ።

ዓርብ ጠዋት እትዬ ካርቶኑን አይተው፣ ለማክሰኞ መባሉን ስነግራቸው «በዚህ ቀን ውስጥ?» አሉ። ለልጃቸው ሠርግ ነው አልኳቸው። «ለሠርግ ከሆነማ እናደርሳለን» ብለው የሌላውን ሰው ሥራ ሁሉ ወደ ጎን አደረጉ። እሑድንም ሳያርፉ ዋሉ። ስፌቱን እሳቸው በምላጭ ጫፍ ክር በክር ሲፈቱ እኔ ትርፍራፊውን ክር እለቅም ነበር። በስፌቱ ውስጥ ተደብቆ የቆየውን፣ ቀለሙ ያልለቀቀውን ጨርቅ እትዬ ምስክር ይሉታል፤ ልብሱ ሲገዛ ምን ይመስል እንደነበር የሚናገረው እሱ ስለሆነ ነው። የኮሌታው ስፌት ሲፈታ «ምስክሩን አየሽው? ይሄን የሸመነ እጅ ይባረክ» አሉኝ። የማያውቁትን ሸማኔ ሲመርቁ ደስ ብሎኝ ነበር፤ ጥርጣሬዬንም ረሳሁት።

ማክሰኞ ኅዳር 11 ቀን ከጠዋቱ 4 ሰዓት ተኩል ላይ ሹፌሩ መጡ። ኮቱ ጠረጴዛው ላይ በቁርጥራጭ ተዘርግቶ ነበር። እትዬ ከመቀመጫቸው ተነሥተው «ትንሽ ቀን ጨምሩልን ጋሼ፣ መገጣጠሙ ነው የቀረን» አሏቸው። ሹፌሩ መጀመሪያ የራሳቸው ኮት መሆኑን አላወቁትም። ሲያውቁት አንዱን እጅጌ ከጠረጴዛው አነሡ። «ሠላሳ ዓመት መሪ የያዝኩበት ኮት ነው። እኔ ተኩሱልኝ አልኩ እንጂ እረዱልኝ አልኩ እንዴ?» አሉ። ከዚያ ቀና ብለው ግድግዳው ላይ ከአሮጌ ኮት የተሠሩትን ቦርሳዎች አዩና «የኔንም ለዚህ ነዋ ያሰባችሁት» አሉ።

እትዬ ካርቶኑን አነሡና አነበቡት። ከዚያ እኔን አዩኝ። እኔ መሬት መሬት አየሁ። ካርቶኑን የሽርጣቸው ኪስ ውስጥ ከተቱና «እኔ ነኝ የተሳሳትኩት ጋሼ። ልጅቷ ምንም አታውቅም» አሉ። እኔ ቆሜ እየሰማሁ አንድ ቃል አልተናገርኩም። ሹፌሩ ሄደው ፖሊስ ይዘው ሲመለሱም አልተናገርኩም። እትዬ ሽርጣቸውን ፈትተው ሚስማሩ ላይ ሰቀሉና ሲወጡ ወደ እኔ ዞር ብለው «ካውያውን ንቀዪው» ብቻ አሉኝ። ዛሬ ጠዋት ከጣቢያው በር ተመልሼ ስፌት ቤቱ ስገባ ካርቶኑን ከሽርጡ ኪስ አውጥቼዋለሁ። ለመርማሪዋ አስረክቤያለሁ። ጽሕፈቱ የእኔ መሆኑ እንዲታወቅ ፊታቸው ይገልበጥ ብዬ በሌላ ወረቀት ጽፌ አሳይቻለሁ።

ልብስ ሰፊዋ ጨርቁን ለቦርሳ ሊጠቀሙበት አስበው ነበር ወይ ተብዬ ተጠይቄ፣ አላሰቡም ብያለሁ። እንዴት እርግጠኛ ትሆኛለሽ ሲሉኝ ፖሊስ የኮቱን ቁርጥራጭ ከቶ የወሰደበት፣ በኤግዚቢትነት የተያዘው ከረጢት ይከፈትልኝ አልኩ። ተከፍቶልኝ ቁርጥራጩን በየቦታው ደርድሬያለሁ፤ ገበሩን ሳይጨምር አሥራ አራት ነው፤ አንድም አልጎደለም። ለቦርሳ የሚሆን ኮት በመቀስ ይቆረጣል። ይህን ኮት መቀስ የነካው ቦታ የለም፤ የተፈታው ስፌቱ ብቻ ነው። በእያንዳንዱ ቁራጭ ላይ እትዬ በነጭ ክር ምልክት አድርገዋል፤ አንድ ስፌት የቀኝ ነው፣ ሁለት ስፌት የግራ። ቁልፎቹም ከላይ እስከ ታች በነበሩበት ተራ በአንድ ክር ተሰክተዋል። ለቦርሳ የሚፈልገው ሰው እንዲህ አይደክምም። መርማሪዋ ቁርጥራጩን በእጃቸው ዳሰው «ይሄ ሁሉ ተመልሶ ኮት ይሆናል?» ብለውኛል። ይሆናል ብያለሁ። በቀረው ቀን እንደሚደርስ ግን ማረጋገጥ አልችልም።

ኮቱ ተለቅቆ እንዲሰፋና እትዬም እንዲወጡ የከሳሹ ስምምነት እንደሚያስፈልግ መርማሪዋ አስረድተውኛል። መጥሪያ ይላክላቸው ወይ ብለው ሲጠይቁኝ ሠርጉ እሑድ ነው፣ መጥሪያ እስኪደርሳቸው ቀኑ ያልቃል፣ አይላክ ብያለሁ።

ይህን ቃል የሰጠሁት ማንም ሳያስገድደኝና ሳይመክረኝ ነው። እትዬም አልላኩኝም፤ መምጣቴን ቢያውቁ ባልወደዱ ነበር። የተጻፈው ሁሉ እናቴ ባለችበት ተነቦልኝ የተናገርኩት መሆኑን አረጋግጫለሁ፤ ያየሁትን አልቀነስኩም፣ ያላየሁትን አልጨመርኩም።

ከተነበበልኝ በኋላ የሚከተለው እንዲጨመርልኝ ጠይቄ ተጨምሯል። ነገ ሐሙስ ኅዳር 13 ቀን ጠዋት ወደ ሹፌሩ ቤት እሄዳለሁ። እናቴ አብሬሽ ልግባ ብላለች፤ እኔ ግን በር ላይ እንድትጠብቀኝ ነግሬያታለሁ። ካርቶኑን የጻፍኩት እኔ እንደሆንኩና ለምን እንደጻፍኩ እነግራቸዋለሁ። ከዚያ ኮታቸው በየትኛው ፊቱ እንዲሰፋላቸው እንደሚፈልጉ እጠይቃቸዋለሁ፤ ተናግረው እስኪጨርሱም እሰማለሁ። ከፈቀዱልኝ ከእትዬ ጋር፣ እትዬ ካልተለቀቁ ብቻዬን ነገውኑ መስፋት እጀምራለሁ። ግራጫው ይሁን ካሉኝ ግራጫውን ወደ ውጭ አድርጌ እሰፋዋለሁ።

የምስክሯ ፊርማ ____________
የእናት ፊርማ ____________
ቃሉን የተቀበለችው መርማሪ ፊርማ ____________