ከአስር በታች የጠፉት መስመሮች

የምስክሩ ስም፦ ገዱ ፀጋው
ዕድሜ፦ 54
አድራሻ፦ ደባርቅ ከተማ፣ ቀበሌ 02
ሥራ፦ ፎቶ ኮፒና ኮምፒውተር ጥገና
ቃሉ የተሰጠበት፦ ግንቦት 12 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ከጠዋቱ 4፡30 ሰዓት

ሚያዝያ 14 ቀን ከቀኑ 8፡00 ሰዓት ገደማ የእህቴ ልጅ እየሩስ የሺዋስ ወደ ሱቄ መጣች። በዩኒቨርሲቲ የማዕድን ትምህርት የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ ናት። አብሯት የመጣው ሃብተ ጊዮርጊስ ሙሌ ከሊማሊሞ ግርጌ ነጭ ድንጋይ እያስፈጨ ለግድግዳ ቅብ የሚሸጥ ነጋዴ ነው። ድንጋዩ ሲሰበር እንደ ጥጥ ክር ይሆናል። የዚህ ዓይነት ድንጋይ አንዳንዱ ትቢያው ሳንባ ገብቶ ከዓመታት በኋላ ካንሰር ያመጣል ስለሚባል፣ እየሩስ ናሙናውን በራጅ መሣሪያ አስመርምራ ውጤቱን በፍላሽ ይዛ ነበር።

ፋይሉ ሁለት ረድፍ ቁጥር ነው፤ አንዱ ማዕዘን፣ ሌላው በዚያ ማዕዘን የተመለሰው ጨረር ብዛት። የክሪስታሉን አወቃቀር አስልቶ የድንጋዩን ዓይነት የሚለየው ፕሮግራም የመሣሪያውን ፋይል አያነብም። እሱ ወደሚያነበው ዓይነት እንድቀይርላት ጠይቃኝ ሁለቱ ሻይ ሊጠጡ ወጡ። ኮምፒውተር የለመድኩት በራሴ ነው፤ እንዲህ ያለ ፋይል ነክቼ አላውቅም ነበር፤ ይህንንም አልነገርኳትም። የቀየርኩትን ፕሮግራሙ አልቀበል አለኝ። ከአስር በታች ያሉት ማዕዘኖች አንድ አኃዝ ስለሚያንሳቸው ረድፋቸው ተዛንፎ ነበር። እነሱን ባጠፋኋቸው ጊዜ ተቀበለኝ።

እየሩስ ተመልሳ "ጋሼ፣ የነካኩት የለም አይደል?" አለችኝ።

"የፋይሉን ጎፈሬ ከፊት ከርክሜልሻለሁ፣ ፕሮፌሰሯ" አልኳት።

"አይ እርስዎ! ለቁም ነገር እንኳ አይመለሱ" ብላ ሳቀች። እውነቴን ነበር። ከልጅነቷ ጀምሮ ስቀልድባት ስለኖርኩ አላመነችኝም፤ እኔም ደግሜ አልነገርኳትም። በማግሥቱ ድንጋዩ ጉዳት የለውም ብላ ጽፋ፣ ፈርማ ለነጋዴው ሰጠች።

ትናንት ግንቦት 11 ቀን ከጠዋቱ 3፡00 ሰዓት ብቻዋን መጣች። የውጤቱ ሥዕል ከአስር መጀመሩን ልብ ብላ ኖሯል። ዋናውን ፋይል ከኮምፒውተሬ ከፈትን። ከሁሉ የሚበልጠው የጨረር ቁንጮ በማዕዘን ሰባትና ስምንት መካከል ቆሟል። የመጥፎው ድንጋይ ምልክት እሱ መሆኑን ነገረችኝ። አልጮኸችብኝም። "ጋሼ፣ ያን ጊዜ እውነትዎን ነበር?" ብቻ አለችኝ።

ድንጋዩ መጥፎው መሆኑን ልነግረው ለነጋዴው ስደውል "ጋሽ ገዱ፣ የዛሬውስ ቀልድ ከበደ" ብሎ ዘጋው። ቅቡ የት እንደሄደ ያወቅነው ከወፍጮው ሠራተኞች ነው።

ከቀኑ 9፡00 ሰዓት በዳባት መንገድ ካለ አንድ ትምህርት ቤት ደረስን። አራት ክፍሎች ተቀብተዋል። ተረኛ ተማሪዎች ከግድግዳው የረገፈውን ነጭ ዱቄት እየጠረጉ ነበር፤ ብናኙ በመስኮቱ ብርሃን ይታያል። እየሩስ "አትጥረጉ! ውጡ!" ብላ ጮኸች። አንዷ ተማሪ መጥረጊያዋን ሳትለቅ "ሳንጨርስ ከወጣን እንቀጣለን፣ እትዬ" አለቻት።

ርዕሰ መምህሩ ከበላይ ደብዳቤ ሳይመጣልኝ አልዘጋም ስላሉ፣ ዛሬ ጠዋትም በአራቱም ክፍሎች ተማሪ ገብቷል።

ዋናውን ፋይል በፍላሽ አስረክቤያለሁ። መስመሮቹን ያጠፋሁት እኔ ነኝ፤ እየሩስ አታውቅም ነበር። የሰጠሁት ቃል ተነብቦልኝ ያልኩት ሆኖ ስላገኘሁት፣ ሐሰት ቢገኝበት እንደምጠየቅ አውቄ ፈርሜያለሁ።

የምስክሩ ፊርማ፦ ገዱ ፀጋው
ቃሉን የተቀበለው፦ ምክትል ሳጅን አለነ ወልደ ሩፋኤል