ከሩቅ የሚሰማው ሞተር

ካፉሪ በሚባለው ሰፈር፣ የምሠራበት ቤት ግቢ ውስጥ ሁለት የእሽቅድድም ሞተሮች ጎን ለጎን ቆመው አገኘሁ፤ አንዱ ቀይ፣ አንዱ ሰማያዊ። የአሠሪዬ የሐጃ ልጅ ሙስጠፋ አርብ አርብ ከከተማ ወጣ ብሎ ባለ ሜዳ ከጓደኞቹ ጋር ይሽቀዳደማል። ሻጩ «ሞክራቸውና አንዱን መልስልኝ» ብሎት ግራ ገብቶታል። «ቀዩ ቀጥታው ላይ ጉልበተኛ ነው፣ ኩርባ ላይ ግን ይከብዳል። ሰማያዊው እንደ ልቤ ይታጠፍልኛል» እያለ ሲዞራቸው ቆየና «ያ ሰዓዳ፣ እስቲ አንቺ ምረጪልኝ!» አለኝ። እኔ ስለ ሞተር ምን አውቃለሁ? «በል ሁለቱንም አስነሳቸው» አልኩት። ሰማያዊው ጉርምርም አለ። ቀዩ ሲነሳ ግን ወላሂ መስኮቱ ተንቀጠቀጠ፣ ጣራው ላይ ያሉት እርግቦች በረሩ።

«ቀዩን!» አልኩት። «ለምን?» «ስትመጣ ከሩቅ እንድሰማህ።» በሳቅ ሞተ። «ሰዓዳ፣ ውድድር እኮ በጩኸት አይደለም!» ይሄኔ ከመስኮቱ መጋረጃ ጀርባ «ቀዩን ውሰድ» የሚል ድምፅ ሰማን። ሐጃ ናቸው! ሞተር ልገዛ ነው ካለ ጀምሮ ያኮረፉት፣ አንዲት ቃል ያልተነፈሱለት ሐጃ። ሙስጠፋ ሳቁ ጠፋ። ሰማያዊውን መለሰ።

በሰማያዊው ቢሆን ኖሮ ያሸንፍ ነበር ይላሉ ጓደኞቹ። እኔ ይሄን አላውቅም። አርብ ከሰዓት ሐጃ ሙስበሃቸውን እየቆጠሩ ሳሎን ይቀመጣሉ። የሞተሩ ድምፅ ከመንገዱ ጫፍ ሲሰማ፣ ምንም እንዳልመሰላቸው «ያላ ሰዓዳ፣ ምሳውን አሙቂለት» ይሉኛል። አሙቄ ስመለስ ሙስበሃው ወንበሩ ላይ ነው፤ እሳቸው በሩን ከፍተው ቆመዋል።