ሽታው የጠፋው ማስቲሽ

ክቡራትና ክቡራን የጫማ ቤታችን ሠራተኞች!

ራዕይ፣ አትሳቅ። ንግግር እንዲህ ነው የሚጀመረው።

ከሁሉ በፊት ወይዘሮ ሸዋገነትን አመሰግናለሁ። ሁለት ወር ለሠራ የክረምት ሠራተኛ ኬክ የሚገዛ አሠሪ በመላው ኮልፌ ሌላ ያለ አይመስለኝም። ጋሽ ጀይሉ፣ እርስዎንም አመሰግናለሁ። በመጀመሪያው ቀን ሶሉን ገልብጬ ስለጥፍ፣ «ይሄ ጫማ ወደ ኋላ ነው እንዴ የሚሄደው?» ብለው ሳይቆጡ አስተማሩኝ። እትዬ ብርቱካን፣ ምሳዎን ለሁለት ከፍለው አብልተውኛል። ራዕይ ደግሞ ስድብ አስተምሮኛል፤ እሱንም አመሰግናለሁ።

ሰኞ አሥራ ሁለተኛ ክፍል እጀምራለሁ። ስሜ ታዲዮስ ነው፤ እዚህ ግን እስከ ዛሬ የምጠራው «የአምሐ ወንድም» እየተባልኩ ነው። ደስ ይለኝ ነበር። ታላቅ ወንድሜ አምሐ በጥር ወር በመኪና አደጋ ከሞተ ወዲህ ቤታችን ውስጥ ስሙ አይነሳም። ስሙ ከተነሳ እማዬ ተነስታ ወደ ጓዳ ትገባለች፤ አባዬ የቴሌቪዥኑን ድምፅ ይጨምራል።

እናንተን አንድ ነገር ዋሽቻችኋለሁ። «ለደብተርና ለዩኒፎርም መግዣ ነው የምሠራው» ብዬ ነበር። እውነቱ ግን የመጣሁት ስለ አምሐ ስታወሩ ለመስማት ነው።

ደግሞ አወራችሁልኝ። ቆዳ ክምር ላይ ተኝቶ ሲገኝ «እያሰብኩ ነው» ማለቱን፣ ማፏጨት አለመቻሉን፣ ከራዕይ ጋር ተወራርዶ የፍጹም ቅጣት ምቱን ማዕዘን በወረቀት ካሰላ በኋላ ኳሷን ጎረቤት ጣሪያ ላይ መስቀሉን። እኔ የማላውቀው ወንድም በየቀኑ ትሰጡኝ ነበር። ወደ አስኮ ስመለስ ታክሲ ውስጥ ለራሴ እደግመዋለሁ። አንድ ቀን ፌርማታዬን አልፌ ቡራዩ ልደርስ ምንም አልቀረኝም።

አሁን ሶል ስለምንለጥፍበት ማስቲሽ ልናገር።

አምሐ ጎበዝ ነበር። ይሄን ለእናንተ አልነግርም። ኬሚስትሪ ተመርቆ ሥራ ሲያጣ ወይዘሮ ሸዋገነት የጓሮውን ክፍል ቁልፍ ሰጡት። የቀመመውን ሁሉ እናንተ ቀባችሁለት፤ «ያዘ»፣ «አልያዘም»፣ «ተላቀቀ» እያላችሁ ዓመት ከመንፈቅ ፈተናችሁለት። በመጨረሻ ዓይን የሚያስለቅሰው፣ ራስ የሚያዞረው ሽታ ከማስቲሹ ጠፋ። ጋሽ ጀይሉ፣ «ልጄ፣ ይሄማ ውኃ ነው!» ብለው ያቀፉት ቀን ቤት መጥቶ ሦስት ጊዜ ነግሮናል።

ከዚያ በፊት እንዴት ነበር የምትሠሩት? እኔ አልነበርኩም፤ ያላችሁኝን ልድገመው። የእናንተ ሰዓት የጋሽ ጀይሉ አፍንጫ ነበር። ሽታው ሲከብዳቸው በመዶሻቸው ሁለት ጊዜ ያንኳኳሉ። ሁሉም ብሩሹን ጥሎ ይወጣል፣ ኮብልስቶኑ ላይ ቆሞ ይተነፍሳል፣ ትንሽ ተቀላልዶ ይመለሳል። ማንም ሳይንቲስት አልነገራችሁም፤ ራሳችሁ ያወጣችሁት ሕግ ነው።

ሽታው ሲጠፋ መዶሻው ዝም አለ። ማን ይወጣል? ለምንስ ይወጣል? ክረምቱ ሲገባ ደግሞ በሩ ተዘጋ። ብርድ ማስቲሹን አያደርቅም፤ ሰውንም ይመታል። እትዬ ብርቱካንን ራስ ምታት ሲይዛቸው «ብርድ ነው» ተባለ። እጃቸው መንቀጥቀጥ ሲጀምር «ብርዱ አጥንት ገባ» ተባለ። ዳማከሴ ታሸላቸው፣ የቀረችውም መስኮት በካርቶን ተደፈነች።

ክቡራትና ክቡራን፣ ብርድ አይደለም።

ከዘጠኝ ቀን በፊት እማዬ የአምሐን ሻንጣ እንድከፍት ፈቀደችልኝ። ይሄን ደብተር አገኘሁ። አብዛኛው ከእኔ ትምህርት በላይ ነው። አምና ሐምሌ ላይ የጻፈው ገጽ ግን በደንብ ይነበባል። ላንብብላችሁ። «ሽታው ጠፍቷል። ትነቱ ግን ከድሮው እኩል ነው፤ ጉዳቱም ያው ነው። ከውድድሩ በፊት ማንም ማወቅ የለበትም።»

ሽታውን ገደለው እንጂ መርዙን አልነካውም። ያውቅም ነበር።

እኔም አላመንኩም። የሰፈራችንን ወርቅ ሠሪ ለምኜ ሚዛኑን ተዋስኩ። ድሮ የምትቀቡትንና የአምሐን ማስቲሽ እኩል መዝኜ ሁለት ቁራጭ ቆዳ ላይ ቀባሁ። ሲደርቁ እንደገና መዘንኳቸው። ሁለቱም እኩል ቀለሉ። የጎደለው የት ሄደ? አየር ውስጥ። በሩ የተዘጋ ቤት አየርስ የት ይሄዳል? ደረታችሁ ውስጥ። ድሮ ቢያንስ ሽታው ያስጠነቅቃችሁ ነበር።

የፈጠራ ውድድሩን ታስታውሳላችሁ። «ጉዳት የሌለው የጫማ ማስቲሽ» ብሎ አቀረበው፤ አንደኛ ወጣ፤ ውጭ አገር የሚማርበት ዕድል አገኘ። ቤታችን በተሰቀለው ፎቶ ላይ ከኋላው ቆማችሁ የምታጨበጭቡት እናንተ ናችሁ።

ራዕይ፣ አንድ ቀን «ከተሸለመ ወዲህ ኮርቶብን ነበር፤ ደጃፍ ቆሞ ነው የሚያወራን» ብለኸኝ ነበር። አልኮራም። መግባት ፈርቶ ነው።

እኔም አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ከትምህርት ቤት ወጥቼ ስመጣ ከዚህ ደፍ አያሳልፈኝም ነበር።

«ታዲ፣ አትግባ። ሂድ ቦምቦሊኖ ግዛ፣ እመጣለሁ።»

«ትንሽ ብቀመጥስ? ዝናብ ነው እኮ!»

«አትግባ አልኩህ!»

ጃኬቱን አውልቆ ራሴ ላይ ይጥልልኛል፤ ትከሻዬን ይዞ ያወጣኛል። ያኔ ፍቅር ነው ብዬ ነበር። ዛሬም ፍቅር ነው እላለሁ። ግን ለእኔ የፈራውን ለእናንተ አልፈራም። በሩን ዘግቶልኝ፣ እናንተን ውስጥ ተዋችሁ።

የእኔስ? የእኔ ይብሳል። ይሄን አንብቤ ዘጠኝ ቀን ዝም አልኩ። በሩን እከፍት ነበር፤ ራዕይ «አንተ፣ እናንተ ቤት በር የለም እንዴ?» ይለኛል፤ «ሞቆኝ ነው» እለዋለሁ፤ በነሐሴ ዝናብ! በሩን መክፈት በቂ እንዳልሆነ ግን አውቅ ነበር። ለምን አልተናገርኩም? ይሄን ከሰማችሁ በኋላ ስለ አምሐ ማን ያወራልኛል ብዬ ነው። አንድ ታሪክ ብቻ ልስማና ነገ እነግራቸዋለሁ እል ነበር። ሲነጋ ደግሞ አንድ ሌላ።

በስድስተኛው ቀን የእትዬ ብርቱካን ብሩሽ ከእጃቸው ወደቀ። ጎንበስ ብለው ሊያነሱት ሁለት ጊዜ ሳቱት። ከዚያ ቀና ብለው፣ «ወንድምህ ብሩሽ ሲወድቅብኝ ምን ይል እንደነበር ታውቃለህ?» አሉኝ። እጃቸው ይንቀጠቀጣል፤ እኔ አየዋለሁ፤ ከምን እንደሆነም አውቃለሁ። ምን ብል ጥሩ ነው? «ምን ይል ነበር?» አልኩ።

«‹ብሩሹ ምሳ ሰዓት ደርሷል እያለ ነው› ይል ነበር» አሉኝ። ሳቅን።

የወንድሜ ነገር የገባኝ ያን ጊዜ ነው። እሱ ውጭ አገር ፈለገ፤ እኔ ወሬውን ፈለግሁ። ሁለታችንም የፈለግነውን ያገኘነው በእናንተ ትንፋሽ ነው። እትዬ ብርቱካን፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። እርስዎ ሲያጎርሱኝ እኔ ዝም ብዬ እውጥ ነበር።

ወይዘሮ ሸዋገነት፣ እባክዎ ይቀመጡ፤ ልጨርስ ነው። ደብተሩን እዚሁ ጠረጴዛ ላይ ትቼዋለሁ፤ የእናንተ ነው። ለውድድሩ አዘጋጆችም ይሄንኑ የሚገልጽ ደብዳቤ ጽፌያለሁ። አባዬ አንብቦ «ስሙን አስተካክለህ ጻፍ፤ ሙሉ ስሙን» ብሎ ፈረመበት። ነገ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ እትዬ ብርቱካንን ጤና ጣቢያ የማደርሳቸው እኔ ነኝ። ብርድ ነው ከማለታቸው በፊት ምን ሲተነፍሱ እንደከረሙ ለሐኪሙ የሚናገር ሰው ያስፈልጋል። ሌሎቻችሁም ብትመጡ ጥሩ ነው።

አምሐን ተቆጡት። መብታችሁ ነው። እኔም ተቆጥቼዋለሁ፤ ደብተሩን ግድግዳ ላይ ወርውሬዋለሁ። ግን ይናፍቀኛል። ታክሲ ውስጥ ከፊቴ እንደሱ አንገቱ ረዘም ያለ ሰው ከተቀመጠ እስኪዞር ድረስ መውረድ ያቅተኛል። ሂሳብም ፊዚክስም ሲከብደኝ የሚያስረዳኝ እሱ ነበር። ይሄን ማን ያስረዳኝ? ሰው እንዲህ ጎበዝ ሆኖ፣ እንዲህ ወዶኝ፣ እንዴት እናንተን እንዲህ ያደርጋል? ልጠይቀው የምፈልገው እሱን ነው፤ የለም።

አንድ ልመና አለኝ። ንዴታችሁ ሲበርድ፣ ዓመትም ቢፈጅ፣ በዚህ ሳልፍ ጥሩኝ። ስለ አምሐ የቀረ ነገር ካለ ንገሩኝ። አሳምራችሁ አይደለም፤ እንዳለ፤ ከነጥፋቱ። ወንድሜ ከነጥፋቱ ነው የናፈቀኝ።

ጋሽ ጀይሉ፣ አላህ ዕድሜና ጤና ይስጥዎ። እትዬ ብርቱካን፣ መድኃኔዓለም እጅዎን ያጽናልዎ። ወይዘሮ ሸዋገነት፣ ለሰው የከፈቱት ቤት አይዘጋብዎ። ራዕይ፣ ገና ብዙ ዓመት የሚስቅ ደረት ይስጥህ። መጪው ዓመት ለሁላችሁም በሰላም ሠርታችሁ፣ በጤና ቤታችሁ የምትገቡበት ይሁንላችሁ።

እኔ ጨርሻለሁ። አሁን እናንተ ተናገሩ። የምትሉኝን ሁሉ፣ ክፉም ቢሆን፣ ቆሜ እሰማለሁ።